ከራስሽ ሕይወት አንድ ዓረፍተ ነገር

የሴቶች ክፍል የሚባለው ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ነበር። በሩ ሲከፈትልኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰው አይደለም፤ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ «ጎማ» የሚል ቃል ነው። ጎማዎቹ ከሄዱ ቆይተዋል፣ ሽታቸው ግን እዚያው ቀርቷል። አስተማሪ ነኝና የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነበው አላልፍም። በዚያች ክፍል በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የማነበው ያንኑ ነበር።

የያዙኝ ከባጃጅ አውርደው ነው፣ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ እጄን ማውጣቴ ነበር። አስተያየት ያለው አለ ወይ ተባለ፣ እኔም አለኝ አልኩ። የጠየቀው ሰው ራሱ አስተያየት ይኖራል ብሎ አልጠበቀም መሰለኝ። ወረቀቱ ላይ «ሁከት ማነሳሳት» ተብሎ ተጻፈ። ስንት ዓመት ሙሉ ከምሳ በኋላ ተማሪ ከእንቅልፉ ማንቃት ያቃተኝ ሴት ሁከት አነሳሽ ስባል መሳቅ አማረኝ፤ ግን ደክሞኝ ነበር።

ክፍሏ ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ ከከምባታ፣ ከአንጋጫ በኩል የመጣች ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ሰፊ፣ ረጋ ያለች፣ ድምፅዋ ለመዝሙር የተሠራ። ግቢዋ ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው አምሽተዋል ተብላ ነው የገባችው። ለጸሎት ነው የተሰበሰብነው ብትልም ሰሚ አላገኘችም። ሌላዋ እዚያው ሆሳዕና ዳር ከወላጆቿ ጋር የምትኖር ወጣት ናት። ባሏ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቷል፤ እሷም ልትከተለው ፓስፖርቷን አውጥታ ነበር። ይህቺ ልጅ ምንም አልተናገረችም፣ ማንንም አልሰበሰበችም። የሚፈለገው ወንድሟ ነው። እሱ ሲታጣ እህቱን ወሰዱ። መርማሪው በጠራት ቁጥር ጥያቄው አንድ ነበር፤ ወንድምሽ የት ነው? እሷም እውነቷን ነው፣ አታውቅም። «አላውቅም ማለት እንዲህ ያደክማል ብዬ አላስብም ነበር» አለችኝ አንዴ።

በመጀመሪያው ቀን ገና ቦታ ሳልይዝ ነው የጠየቀችኝ።

«ቲቸር ነሽ?»

«ነኝ።»

«የምን?»

«የእንግሊዝኛ።»

ወደ ቅቤ ነጋዴዋ ዞረች። «አየሽ እማማ፣ ጌታ ላከልኝ።»

እኔስ የመሰለኝ የተላክሁ ሳይሆን የተጣልኩ ነበር። ግን ሰው አንቺን በማግኘቱ ደስ ብሎት ሲያይሽ ደስ ይላል፤ እስር ቤትም ቢሆን።

እንግሊዝኛን የጀመረችው በስልኳ ነው፣ በቴሌግራም። በየቀኑ ጥቂት ቃላት ከነምሳሌ ዓረፍተ ነገራቸው የሚልክ ቻናል አለ፤ እሷም ዓረፍተ ነገሮቹን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በቃሏ ትይዛቸዋለች። ስልኳን ቢቀሟትም የያዘችው አብሯት ገብቷል። ዓይኗን ጨፍና አወረደችው። ባቡሩ በበረዶ ምክንያት ዘገየ። ጆን ለሚስቱ የልደት ኬክ በድብቅ አዘዘ። ጎረቤታችን ውሻውን ወደ ባሕር ዳርቻ ይወስዳል። እንግሊዝኛው እንከን አይወጣለትም።

«ባቡር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አላውቅም።»

«ጆን ማነው?»

ትንሽ አሰበች። «እሱን እኔም ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ» አለች።

ቅቤ ነጋዴዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳላስበው የክፍል ድምፄ መጣ። «እንግዲህ እኔ ጋ ሕግ አለ። ዓረፍተ ነገርሽ ከራስሽ ሕይወት ይሆናል። እውነት ካልሆነ፣ አንድም ስህተት ባይኖርበት ትክክል አልልሽም።» ትምህርት ቤትም የምጠቀምበት ሕግ ነው። ልጆቹ ከመጽሐፍ እንዳይገለብጡ ነው እንጂ ትልቅ ፍልስፍና የለበትም።

ወረቀትና እስክሪፕቶ ክልክል ስለሆነ ትምህርቱ ሁሉ በአፍ ነበር። ጠዋት አንድ ቃል እሰጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ይዘውት ይውላሉ። ማምሻው ላይ እያንዳንዳቸው ዓረፍተ ነገር ያመጣሉ። ቅቤ ነጋዴዋ «ለኔ ምን ያደርግልኛል» እያለች ሁለተኛ ተማሪ ሆነች። «ፒዩር» የሚለውን ቃል በሰጠሁ ቀን፣ የኔ ቅቤ ንጹሕ ነው፣ ከጎኔ የምትሸጠው ሴት ቅቤ ንጹሕ አይደለም ብላ ሁለት ዓረፍተ ነገር አከታተለች።

«ሁለተኛው እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አልኳት።

«ስትወጪ ሄደሽ ቅመሽው።»

ሦስተኛ ተማሪም ነበረችን፣ ከውጭ። እኛን የምትጠብቀው ሴት ፖሊስ በበሩ ቀዳዳ በኩል ስትሰማ ትውልና «ዛሬ ቃሉ ምን ነበር?» ትለናለች። ወጣት ናት፣ የከተማው ልጅ። መጀመሪያ ላይ አላመንኳትም። «ታየርድ» ያልኩ ቀን ማንም ሳይጠይቃት በቀዳዳው በኩል «አይ አም ታየርድ ኦፍ ዚስ ዶር» አለች። ይህ በር ሰልችቶኛል ማለቷ ነው። ከዚያ ቅቤ ነጋዴዋ እኔን ሳትጠብቅ «ትክክል» አለች።

የልጅቷ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ስለ አባቷ ነበር። ስለ ባሏ እንድትሠራ ብሞክር አፍራ ትስቃለች፣ ስለ ወንድሟ እንድትሠራ እኔ አልፈልግም። የቀሩት አባቷ ነበሩ። አባቷ ባጃጅ ይፈራሉ፤ ገበያ የሚሄዱት በእግራቸው ነው። አባቷ ጠዋት ጠዋት ከሰው በፊት ላሚቱን ያነጋግራሉ። አባቷ በበጋም ጃንጥላ ይይዛሉ። የመጨረሻውን ስትሠራ «ለምን?» ብዬ ጠየቅኳት፣ መልሱን በእንግሊዝኛ እንድትሰጠኝ። ብዙ ደከመች። በመጨረሻ «ማይ ፋዘር ዳዝ ኖት ትረስት ዘ ስካይ» አለች፤ አባቴ ሰማዩን አያምንም። ስንት ዓመት ፈተና ሳርም እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር አልገጠመኝም። ሰውዬውን አይቻቸው አላውቅም፤ መንገድ ላይ ባገኛቸው ግን እለያቸው ነበር።

ምግብ የሚመጣልን ከቤት ነው። ያመጣው ሰው በር ላይ ቀምሶ ያስረክባል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ምሳ ዕቃው ብቻ ነው። ከልጅቷ እናት የሚመጣው ቆጮ ስስና ዳር ዳሩ ከሰል የነካው ነበር፣ ሦስታችንም እሱን ነበር የምንጠብቀው። አንድ ረቡዕ ምሳ ዕቃው ያው ሆኖ ቆጮው ወፍራም መጣ። ጎመኑም ሚጥሚጣ በዝቶበታል። ልጅቷ ክዳኑን ከፍታ ትንሽ አየችውና ወደኛ ገፋ አደረገችው።

«ሆዴን አሞኛል፣ ብሉ» አለች።

በላን። በማግስቱም የመጣው የሌላ እጅ ነበር፤ እሷም አሁንም ሆዷን አመማት። እኔ ያሰብኩት እናቷ ታመው ይሆናል ብዬ ነው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ፖሊሷ ሽንት ቤት ስትወስደኝ ከግንቡ ጥግ ስንደርስ ቆመች። የጫማዋን ክር የምታስር መስላ አጎነበሰች።

«ቲቸር፣ የልጅቷ አባት አርፈዋል። ማክሰኞ ነው ያረፉት። ትናንት ተቀበሩ።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንድ እድር ነን። የትናንቱ ቆጮ ከኛ ቤት የሄደ ነው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም። ጎረቤትና እድርተኛ ነው የሚያበላው፤ ለእስረኛዋ የሚላከውም ከዚያው ላይ ተነሥቶ ነው።

«ለምን አልተነገራትም?»

«ቤተሰቡ እንዳይነግር በር ላይ ተከልክሏል። ነገ ጠዋት መርማሪው ይጠራታል። ወንድምሽ ያለበትን ተናገሪና ለቅሶሽን ትደርሻለሽ ሊላት ነው።» ቀና አለች። «እኔ ምንም አልነገርኩሽም።»

መርዶ በኛ አገር እንዲሁ አይወረወርም። ደቡብ አፍሪካ ላለ ሰው እንኳ አባቱ ሲሞት ስልክ የሚደወለው ለሱ አይደለም። እዚያ ላሉ ያገሩ ልጆች ይደወላል፣ እነሱ ይሰባሰባሉ፣ ጎህ ሲቀድ ቤቱ ሄደው ይቀመጣሉ። ሰውየው በሩን ከፍቶ ሲያያቸው ግማሹን ያውቀዋል፤ የሚወድቅም ከሆነ የሚይዘው ሰው አለ። ይህችን ልጅ የሚጠብቃት ግን ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ ጥያቄ ነበር። ልናደድ ይገባኝ ነበር፤ የተሰማኝ ግን ድካም ነው።

የቀኑ ቃል «ዌይት» ነበር። ጠዋት ምንም ሳላውቅ የሰጠሁት ነው። ማምሻውን ቅቤ ነጋዴዋ ደንበኞቿ እንደሚጠብቋት ተናገረች። ከዚያ የልጅቷ ተራ ደረሰ። እንደ ወትሮው ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እያየችኝ ቀስ ብላ «ማይ ፋዘር ዌይትስ ፎር ሚ» አለች። አባቴ ይጠብቀኛል።

ግድግዳውን አየሁ። ጎማ ይላል።

«ትክክል» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ቶሎ ተኛች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ለቅቤ ነጋዴዋ በጆሮዋ ነገርኳት። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ስትጸልይ እንደዚያ ናት። በመጨረሻ «ከዚያ ሰውዬ አፍ መስማት የለባትም» አለች።

«እኛ እንንገራት?»

«እኛ ምኗ ነን? እኔ ከምባታ፣ የአንቺም አባት ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ የመጡ። አብረን ታሰርን እንጂ ዘመዷ አይደለንም። መርዶ የሚነግራት የራሷ ሰው ነው።»

የራሷ ሰው ከበሩ ውጭ ቆሞ ነበር። ቀዳዳው ጋ ሄድኩ።

«እህቴ፣ አንቺ እድርተኛዋ ነሽ» አልኳት።

«ዘብ ነኝ» አለች።

«ዘብሽ ጠዋት ያበቃል።»

«ልጅ አለኝ ቲቸር» አለች ቆይታ። ከሥራዋ ብትባረር የምሰጣት ነገር የለኝም፤ ደፋር ሁኚ ልላትም አፍሬ ተመለስኩ።

ጎህ ሲቀድ ቅቤ ነጋዴዋ ቀሰቀሰችኝና መኝታችንን አጣጠፍን። ወለሉን በእጃችን ጠረግነው። ማንም ይመጣል ብለን አይደለም፤ ካልመጣ ራሳችን ልንነግራት ወስነን ነበር፣ ዘመድ ባንሆንም። በሩ ተከፈተ። ፖሊሷ ቆቧን አውልቃለች። ከዩኒፎርሟ ላይ ነጠላ ደርባለች፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ። ጫማዋን በሩ ሥር አውልቃ ገባችና ከልጅቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እኛም በሁለቱ በኩል ተቀመጥን።

ልጅቷ ተኝታ አልነበረችም። ተነሥታ ነጠላውን አየች። ፖሊሷ በሀዲይኛ ነገረቻት፣ ቀስ ብላ፣ ልክ ትልልቅ ሰዎች እንደሚናገሩት። እኔ ግማሹን ነው የሰማሁት። ቅቤ ነጋዴዋ ቋንቋው የሷ ባይሆንም ሁሉንም የሰማች ይመስል ነበር።

«አባቴ?» አለች ልጅቷ በአማርኛ፣ ወደኔ ዞራ። «አባቴ ነው?»

«አዎ» አልኳት።

«ለቅሶ እንዳለ ረቡዕ ነው ያወቅሁት። እናቴ እሳት ካላነደደች ሰው ሞቷል። አባቴ ይሁን ወንድሜ፣ እሱን ብቻ ነው ያላወቅኩት።» የነጠላውን ጫፍ ያዘች። «ትናንት አባቴ ይጠብቀኛል ስል ፊትሽን እያየሁ ነበር። እውነት ካልሆነ አንቺ ትክክል አትይም። ትክክል አልሽኝ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ወንድሜን ስቀብር አደርኩ ቲቸር።»

እጇን ያዝኩ፣ እሷም አልነጠቀችኝም። እንደሚያስፈልጋት አለቀሰች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ሰው። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኗ ያልረጠበው ሳይነገራት ማልቀስ ስላልፈለገች ነበር። ቅቤ ነጋዴዋ መዝሙር ጀመረች። ከግቢው ማዶ ካለው የወንዶች ክፍል አንድ ወፍራም ድምፅ ተቀበላት፣ ከዚያ ሌሎችም። ለማን እንደሚዘመር አያውቁም ነበር፤ መዝሙሩ የለቅሶ እንደሆነ ግን ለይተውታል። የጠዋቱ ተረኛ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ጓደኛውን ከነነጠላዋ ወለሉ ላይ ሲያያት ኮፍያውን አነሣ፣ መልሶ አደረገ። መዝሙሩ እስኪያልቅ እዚያው ጠበቀ።

መርማሪው የጠራት ረፋድ ላይ ነው። ከወትሮው ፈጥና ተመለሰች።

«መጥፎ ወሬ አለ አለኝ» አለችን። «ተነግሮኛል አልኩት። ማን ነገረሽ አለ። እድሬ አልኩት።»

«ከዚያስ?» አለች ቅቤ ነጋዴዋ።

«ወረቀቱን አገላበጠ። ወንድምሽስ አለኝ። እሱን የነገረኝ የለም አልኩት።» ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጠዋት ከንፈሯ ሳቅ ነገር ነካው። ወዲያው ጠፋ።

ለቅሶዋን እዚያው ተቀመጥን። ትምህርት አቆምን። ሽንት ቤት የሚወሰዱ ወንዶች በራችን ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጌታ ያጽናሽ» ይሉ ነበር፣ አጃቢዎቹም አይከለክሏቸውም። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ልጅቷ ራሷ «ዛሬ ቃሉ ምንድነው?» አለችኝ። በበሩ ቀዳዳ የሚሰማን አልነበረም። ፖሊሷ ፎንቆ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛውራለች። በዚያ ምክንያት ይሁን በሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በየተራ ወጣን። የኔ ክስ የት እንደደረሰ የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ወደ መማሪያ ክፍሌ ተመለስኩ፣ ተማሪዎቹ እንደ ድሮው ከምሳ በኋላ ያንቀላፋሉ። ሕጉንም አልተውኩትም። አንድ ነገር ግን ጨምሬበታለሁ። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ቶሎ ትክክል አልልም፤ መጀመሪያ «እውነት ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል፣ የቲቸር አመል ይሉታል።

ልጅቷ ባሏ ጋ ሄደች። አልፎ አልፎ በኢሞ የድምፅ መልእክት ትልካለች፣ ሁልጊዜ አንድ ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ። ባለፈው ሰሞን የላከችው «ኪፕ» ነበር። የአባቴን ጃንጥላ ሱቃችን ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ዝናብ ባይኖርም ይዤው እወጣለሁ፣ እዚህ ያሉ ሰዎች ይስቁብኛል፤ በእንግሊዝኛ፣ አንዴም ሳትደናቀፍ።

«እውነት ነው?» ብዬ ጻፍኩላት።

መልስ ሳይሆን ፎቶ መጣ። ከዱቄትና ከለስላሳ ሣጥን ጀርባ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ጃንጥላ ነው፤ እጀታው በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ አንድ ጎኑ ተቀዷል። ሰውዬውን አይቻቸው ባላውቅም ጃንጥላውን ለየሁት። ትንሽ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተማሪዬ እየጠበቀችኝ እንደሆነ ትዝ አለኝ።

«ትክክል» ብዬ መለስኩላት።